ብራውልሃላ ላይ ሲግኔቸር መቼ ነው የሚመታው?

"ሲግ (ሲግኔቸር) በመታሁ ቁጥር እቀጣለሁ፤ ታዲያ መቼ ነው የምመታው?" ባሕር ዳር ጌም ቤት ብራውልሃላን፣ ተጋጣሚን መትቶ ከሜዳ ማስወጣት የሆነውን የፍልሚያ ጌም፣ የሚጫወቱት ይህንኑ ይጠይቁኛል። ደብረ ማርቆስ ዶርም ውስጥ በስልክ የሚጫወቱትም ያው ነው። ዳንግላና ፍኖተ ሰላም ያሉትም ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አንዴ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልምራው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና። ሲግኔቸር የሚመታው ተጋጣሚያችሁ ዶጅ (ከምት የሚያመልጥበት ፈጣን ሽሽት) ማድረግ በማይችልበት ሰዓት ነው። "ቅርብ ነው፣ ፊቴ ቆሟል" በቂ ምክንያት አይደለም። ቅርብ ቆሞ ዶጅ ያለው ሰው ያመልጣችኋል፤ ራቅ ብሎ ዶጁን የጨረሰ ሰው ግን የእናንተ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሰዓት እንዴት እንደምታውቁትና እንዴት እንደምትጠብቁት ነው።

ገና ለጀመራችሁ፦ ሲግኔቸር መሬት ላይ ቆማችሁ የሄቪ ቁልፍ ስትጫኑ የሚወጣው ከባድ ምት ነው። እያንዳንዱ ሌጀንድ (የምትጫወቱበት ገጸ ባሕርይ) ሁለት መሣሪያ አለው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ሲግ አለ፤ አንዱ አቅጣጫ ሳትነኩ፣ አንዱ ወደ ጎን ይዛችሁ፣ አንዱ ወደ ታች ይዛችሁ። በድምሩ 6። አየር ላይ ያው ቁልፍ ሌላ ነገር ያወጣል፤ ሪከቨሪ (ወደ ላይ የሚያነሳችሁ ምት) ወይም ግራውንድ ፓውንድ (ወደ ታች የሚያወርዳችሁ ምት)። ቦድቫርና ሃቶሪ ሁለቱም ሰይፍ ስለሚይዙ በሰይፍ ላይታቸው (ፈጣኑ ቀላል ምት) አንድ ነው። ሲጋቸው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ "የሰይፍ ሲግ እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ አያስኬድም፤ የማን ሰይፍ?

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጨዋታው። በነጻ ይወርዳል። ስልክ ላይም፣ ኮምፒውተር ላይም፣ ፕሌይስቴሽን ላይም ይሠራል። በስልክ የሚጫወት ሰው በፕሌይስቴሽን ከሚጫወት ጋር መግጠም ይችላል። አፕዴቱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት፤ በሞባይል ዳታ ከጀመራችሁት ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል።
- የራሳችሁ የሆነ አንድ ሌጀንድ። በየሳምንቱ በነጻ የሚከፈቱት ይቀያየራሉ። የዚህን ሳምንት ነጻ ሌጀንድ ተለማምዳችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ብታጡት ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። በጨዋታው ውስጥ በምትሰበስቡት ጎልድ አንዱን ግዙ።
- ሁለት ጆይስቲክና አንድ ትዕግሥት ያለው ጓደኛ። ጌም ቤት ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ማታ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከኋላ የቆመው ሁሉ "ቶሎ በሉ እንጂ" ይላል፤ በዚያ ግፊያ ልምምድ አይሆንም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልካችሁ ላይ አትጻፉ፤ ስልኩ ላይ እየተጫወታችሁ ነዋ።

ደረጃ 1፦ ስድስቱን ሲግ ለዩ

ትሬኒንግ ሩም (የጨዋታው የልምምድ ክፍል) ግቡ። እዚያ የምቱን ክልል በቀለም የሚያሳይ ማብሪያ አለ፤ አብሩት። ከዚያ ስድስቱን ሲግ አንድ በአንድ ምቱና ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ።

የት ይመታል? ከፊት ብቻ፣ ከላይ፣ ወይስ በሁለቱም ጎን? ሌጀንዳችሁን ራሱን ወደፊት ይወስደዋል ወይስ ባለበት ያቆመዋል?

ለመውጣት ምን ያህል ይቆያል? ቁልፉን ከተጫናችሁበት እስከሚመታበት ያለው ጊዜ ማለት ነው።

ከሳተ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ያስራችኋል? ይህን ለማወቅ ሲጉን ምቱና ወዲያው የዝላይ ቁልፉን እየደጋገማችሁ ተጫኑ። መዝለል የቻላችሁበት ቅጽበት ነጻ የወጣችሁበት ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ሰው የሚወደውን ሲግ የሚመርጠው በውበቱ ነው። ድብ ይጠራል፣ እሳት ያወጣል፣ ያምራል። ያንን ሲግ የምትመቱበት ሰዓት የሚወሰነው ግን በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። ከላይ የሚመታው ከአየር ለሚወርድ ሰው ነው። ሌጀንዱን ወደፊት የሚወስደው ለሸሸ ሰው ነው። በሁለቱም ጎን የሚመታው ደግሞ አልፎአችሁ ከኋላችሁ ለሚገባ ነው። ጻፉትና ለየብቻ ሥራ ስጧቸው። ከስድስቱ አንድ ሁለቱ ሥራ ካላገኙ አትጨነቁ፤ አንዳንድ ሲግ ተቀምጦ ቢቀር ይሻላል።

የሌጀንዱን ነጥቦችም አንዴ እዩ። አራት ናቸው፤ ስትሬንግዝ፣ ዴክስተሪቲ፣ ዲፌንስና ስፒድ። የሁሉም ሌጀንድ ድምር 22 ነው። እዚህ የሚመለከታችሁ ዴክስተሪቲ ነው፤ ከፍ ሲል ከምት በኋላ የምትታሰሩበት ጊዜ ያጥራል። ስታንስ የሚባለውን በመቀየር አንዱን ነጥብ በ1 ከፍ፣ ሌላውን በ1 ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ፒንጋችሁን እወቁ

ፒንግ ማለት መልእክት ከእናንተ ወደ ጨዋታው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይለካል። እኛ አካባቢ ይህ ደረጃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ብል አላጋነንኩም።

ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይሄዳል። ሰው ያየውን አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ወደ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ በፍሬም 15 ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዘግይቶ የሚወጣን ሲግ ንቁ የሆነ ተጋጣሚ አይቶት ዶጅ ያደርጋል። ጌም ቤት አንድ ቴሌቪዥን ላይ ጎን ለጎን ስትጫወቱ የሚሆነው ይኸው ነው።

ኦንላይን ግን ሌላ ነው። ፒንጋችሁ 180 ነው እንበል። ከሰርቨሩ ወደ እናንተ የሚመጣው ግማሹን፣ ማለትም ወደ 90 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በፍሬም 5 ገደማ ነው፤ የተጋጣሚያችሁ የራሱ መንገድ ደግሞ ይጨመርበታል። ጨዋታው ይህን የሚያካክሰው የምቱን መጀመሪያ ዘሎ ከመሃል በማሳየት ነው። እጁን ሲያነሳ ሳታዩ ምቱ ፊታችሁ ይደርሳል። ስለዚህ ኦንላይን ላይ ዘገምተኛ ሲግ ከሚገባው በላይ ይይዛል።

ይህን ካልተረዳችሁ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ቤቱ በስልክ ሲግ እየደጋገመ ሃያ ሰው ይጥላል። ቅዳሜ ጌም ቤት ይመጣል። ያው ሲግ፣ ያው ሌጀንድ፣ አንዱም አይነካም። ከጎኑ የተቀመጠው "ወንድም ዓለም፣ ከሲግ ሌላ አታውቅም እንዴ?" እያለ በላይት ብቻ ይጨርሰዋል። ልጁ ጆይስቲኩን ይወቅሳል። ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ፒንጉ ነው።

የምታደርጉት ይህ ነው። ቅንብር ውስጥ የሰርቨር ክልል መምረጫ አለ። እያንዳንዱን ሞክራችሁ ዝቅተኛውን ፒንግ የሚሰጣችሁን ያዙ። ቁጥሩ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ ጠዋትም ማታም ሞክሩት። ከዚያ ለራሳችሁ ሕግ አውጡ፤ ኦንላይን ብቻ የሠራን ሲግ "ሠራ" ብላችሁ አትመዝግቡ። ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲይዘው ያኔ ሠራ።

ደረጃ 3፦ የተጋጣሚያችሁን ዶጅ ቁጠሩ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ዶጅ ያደረገ ሰው ለቅጽበት ምት አይነካውም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛ ዶጅ ለማድረግ መጠበቅ አለበት። ያ የመጠበቂያ ጊዜ የእናንተ ነው። አየር ላይ ዶጅ ያደረገ ሰው መሬት ላይ ካደረገው የበለጠ ይጠብቃል። ስለዚህ አየር ላይ ዶጁን የጨረሰ ሰው ሰፊ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ጊዜውን በቁጥር ከምነግራችሁ ራሳችሁ ለኩት፤ በጆሯችሁና በጣታችሁ ካልገባ ቁጥሩ አይጠቅምም። ትሬኒንግ ሩም ግቡ። ዝለሉና አየር ላይ ዶጅ አድርጉ። መሬት ሳትነኩ በቀራችሁ ዝላይ እየተንሳፈፋችሁ የዶጅ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሁለተኛው ዶጅ እስኪወጣ በአፋችሁ "አንድ፣ ሁለት…" እያላችሁ ቁጠሩ። ቀጥሎ ያንኑ መሬት ላይ ቆማችሁ አድርጉ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ጨዋታ። መጀመሪያ ላይ ሲግ መምታት የለባችሁም። አንድ ጨዋታ ሙሉውን በላይት ብቻ ተጫወቱና ተጋጣሚው ዶጅ ባደረገ ቁጥር "ወጣ" በሉ። በሹክሹክታ ይሁን፤ ጮክ ካላችሁ ይሰማችኋል። ቆጥራችሁ ሲደርስ "ተመለሰ" በሉ። ሽንፈቱ አያሳስባችሁ። የምትለማመዱት ዐይናችሁን ነው። ብዙ ተጫዋች ዐይኑን የራሱ ሌጀንድ ላይ ተክሎ ይጫወታል፤ የራሳችሁ ሌጀንድ የት እንዳለ እኮ ጣታችሁ ያውቃል። ዐይናችሁን ወደ እሱ አዙሩ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ተጋጣሚያችሁ ከላይ ወደ እናንተ እየወረደ ነው። እናንተ መሬት ላይ ናችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ቸኩሎ ወደ ላይ የሚመታውን ሲግ ይለቃል፤ ያኛው ዶጅ ያደርግና ከሲጉ ጀርባ አርፎ ይመታዋል። እናንተ ሲጉን አትልቀቁ። ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሩጡና ቁሙ። የምትመቱ መስሎት ዶጁን ያወጣል። "ወጣ።" አሁንም አየር ላይ ነው፤ አሁንም መውረዱ ግድ ነው፤ ዶጅ ግን የለውም። ሲጉ አሁን ይለቀቃል። ሁለቱን የሚለያቸው ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ መታገሥ ነው።

ደረጃ 4፦ ሲግ የሚመታባቸው አምስት አጋጣሚዎች

ሀ. ዶጁን ጨርሶ ከላይ ሲወርድ። አሁን የነገርኳችሁ ነው። ወደ ላይ የሚመታ ሲግ። ይህን ብቻ ብታውቁ እንኳ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ለ. የራሱን ሲግ ስቶ ሲታሰር። የሳተ ሰው እስኪለቀቅ ዶጅም ዝላይም የለውም። ነገር ግን የእናንተ ሲግ ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ እሱ ከሚታሰርበት ማጠር አለበት። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ተመልከቱ። ጊዜው ካልበቃ ላይት ምቱ፤ ትንሽ ጉዳት ከምንም ይሻላል።

ሐ. መሣሪያ ሊያነሳ ሲሮጥ። ባዶ እጁን የቀረ ሰው መሣሪያው ወደወደቀበት መሄዱ አይቀርም። የት እንደሚደርስ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ወደፊት የሚሄድ ሲግ ካላችሁ ከርቀት ጠብቁት። ዶጅ አድርጎ ሊያነሳ ስለሚሞክር መሣሪያው ላይ ሳይሆን ዶጁ ወደሚያሳርፈው ቦታ አነጣጥሩ።

መ. ከጠርዝ ውጭ ሆኖ ሲመለስ። አየር ላይ ያለው ነገር የተቆጠረ ነው፤ ሁለት ዝላይ፣ አንድ ሪከቨሪ፣ አንድ ዶጅ። ግድግዳ ከነካ ዝላይ ይታደስለታል፤ ስለዚህ ግድግዳውን ከመንካቱ በፊትና ከነካ በኋላ ያለው ሁኔታ የተለያየ ነው። ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ያወጣውን ቁጠሩ። ሪከቨሪውንም ዶጁንም ካወጣ በኋላ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል። እዚያ መንገድ ላይ ጎን የሚመታውን ሲግ አስቀምጡለት።

ሠ. ልማዱን ስታውቁት። አንዳንዱ ሲመታ ሁሌ ወደ እናንተ ዶጅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ሁሌ ወደ ላይ ይዘላል። ያንኑ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረገ በአራተኛው እዚያው ጠብቁት። ይህ ግምት ነው፤ ሊስት ይችላል። ስለዚህ የሚሞክሩት ብትስቱም ሕይወት የማያስከፍላችሁ ጊዜ ላይ ነው።

ከእነዚህ ውጭ "ላይት መትቼ ወዲያው ሲግ" የሚባለውን ተዉት። ተጋጣሚው ከላይቱ ሲለቀቅና ሲጉ ሲደርስ መሃል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዶጅ የሚያደርግበት ክፍተት ይኖራል። የሚያዘው ስላልጠበቀ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ አይያዝም። የእናንተ ሌጀንድ ላይ በእርግጥ የሚሠራ ጥምር አለ ብላችሁ ካመናችሁ ትሬኒንግ ሩም ውስጥ አረጋግጡት።

ደረጃ 5፦ የትኛው ሲግ የት ይገድላል

ተጋጣሚያችሁ የደረሰበት ጉዳት በቁጥር አይታይም። ምስሉ ዙሪያ ያለው ቀለም ነው የሚናገረው፤ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካን፣ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቀለሙ በጠቆረ መጠን ምቱ ርቆ ይወረውረዋል።

ነጭ ሳለ ሲግ ብትይዙት ጉዳት ታደርሱበታላችሁ፤ ግን አይሞትም። በዚያ ሰዓት ላይት ይሻላል፤ ፈጥኖ ይወጣል፣ ቢስትም አያስከፍልም። ሲጋችሁን ብርቱካንና ቀይ ላይ አቆዩት። ጠርዝ አጠገብ ያለን ሰው ወደ ጎን በሚመታው፣ ከፍ ብሎ ያለን ሰው ወደ ላይ በሚመታው። ሜዳው መሃል መሬት ላይ ያለ ሰው ከአራቱም ድንበር ስለሚርቅ እዚያ ሲግ ማባከን ከሁሉም ኪሳራ ነው።

ደረጃ 6፦ አዘግይታችሁ ልቀቁ

የሄቪ ቁልፉን ተጭናችሁ ከያዛችሁት ሲጉ ትንሽ ይቆያል፤ ስትለቁት ይወጣል። ዋናው ጥቅሙ ዶጅ ማስወጣት ነው። ተጋጣሚው ሲጉ መጀመሩን አይቶ በለመደው ሰዓት ዶጅ ያደርጋል፤ እናንተ ገና ይዛችሁታል፤ ዶጁ ሲያልቅ ትለቁታላችሁ።

በየጊዜው ብታደርጉት ይለምደዋል። ሁለት ጊዜ ወዲያው የሚለቀቅ ካሳያችሁት በኋላ አንዴ አዘግዩ። ሲጉን ይዛችሁ ሳለ እናንተም መሸሽ አትችሉም፤ ስለዚህ አጠገባችሁ ለደረሰ ሰው አይሆንም።

ደረጃ 7፦ አየር ላይ ሲግ ማውጣት

ከላይ ያሉትን ካልቻላችሁ ይህን ለጊዜው ተዉት።

አየር ላይ አቅጣጫ ሳትይዙ ዶጅ አድርጉና ዶጁ ሳያልቅ ሄቪ ተጫኑ። ሌጀንዱ አየር ላይ መሬት እንዳለ ሆኖ ሲጉን ያወጣል። ግራቪቲ ካንስል ይባላል፤ ልጆቹ ጂሲ ይሉታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተጋጣሚያችሁ ከጠርዝ ውጭ ሆኖ መሬት የሌለበት ቦታ ላይ ሲግ ታገኙታላችሁ።

ዋጋውም ግልጽ ነው። የእናንተ ዶጅ ወጣ። ከሳታችሁ ከጠርዝ ውጭ፣ ያለ ዶጅ፣ ታስራችሁ እየወረዳችሁ ነው። ስለዚህ ከመሞከራችሁ በፊት ለመመለስ ቢያንስ አንድ ዝላይና ሪከቨሪ እንደቀራችሁ እርግጠኛ ሁኑ። መጀመሪያ ሜዳው መሃል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ተለማመዱ። ጣታችሁ ሳይሳሳት ሲያወጣው ወደ ጠርዝ ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ከጓደኛ ጋር ልምምድ

ቦት (ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው ተጋጣሚ) ላይ ብቻ መለማመድ አይበቃም፤ ቦት አይፈራም፣ አይቸኩልም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለጓደኛችሁ ስጡት። መጀመሪያ እሱ አይመታም፤ እየዘለለ ዶጅ ብቻ ያደርጋል። እናንተ ደግሞ ዶጁ ከወጣ በኋላ ብቻ ሲግ ትመታላችሁ። ዶጅ እያለው ከመታችሁ፣ ቢይዘውም፣ አይቆጠርም። ይህን ሕግ ጓደኛችሁ ያስከብር፤ ሰው ራሱን ሲዳኝ ይራራል። ከዚያ ተቀያየሩ። የምትሸሹት እናንተ ስትሆኑ የዶጁ ጊዜ ይበልጥ ይገባችኋል።

ቀጥሎ እውነተኛ ጨዋታ አድርጉ፤ ግን በአንድ ሕይወት ሦስት ሲግ ብቻ ይፈቀድ። አራተኛ የመታ ሕይወቱን ያጣል። ሦስት ብቻ እንዳላችሁ ስታውቁ እጃችሁ ራሱ መጠበቅ ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ

- ገና ሞቶ የተመለሰ ተጋጣሚ ለጥቂት ሰከንድ ምት አይነካውም። ያኔ ሲግ መልቀቅ ራስን አስሮ መስጠት ነው። ራቁ፣ መሣሪያ አንሡ።
- ጠርዝ ላይ ወደፊት የሚወስድ ሲግ ከመልቀቃችሁ በፊት ሌጀንዳችሁን ከሜዳው ያስወጣው እንደሆነ ትሬኒንግ ላይ እዩ። አንዳንዱ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ ይዞ ይወርዳል።
- መብራት መሄድ ሲጀምር ወይም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ራንክድ (ደረጃ የሚያስቆጥረው ጨዋታ) አትግቡ። መሃል ላይ ብትወጡ ሽንፈት ሆኖ ይመዘገባል፤ መብራት ነው የሄደው ብላችሁ የምትነግሩት ሰው የለም።

የተለመዱ ስህተቶች

ጨዋታውን በሲግ መጀመር። ገና ዶጁ ያልወጣ፣ ጉዳት የሌለበት፣ ንቁ ሰው ላይ። በሁሉም ሚዛን የከፋው ሰዓት ይህ ነው።

የሳተውን ሲግ መድገም። አንዴ ሲስት እልህ ይይዛችኋል፤ "አሁንስ አይስትም" ትላላችሁ። ተጋጣሚያችሁ የሚጠብቀው ያንን ነው። ሲስት መጀመሪያ የሚደረገው ርቆ መቆም ነው።

አንድ ሲግ ብቻ ማወቅ። አንዱ ልጅ ስድስት ሲግ እያለው ወደ ጎን የሚሄደውን ብቻ ሲመታ ታዩታላችሁ። ዝለሉበት፤ አለቀ።

በራስ ሲግ ተቀጥቶ "ላግ ነው" ማለት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ላግ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ያለ ሰዓቱ የወጣ ሲግ ያለ ላግም ይቀጣል።

ሲግ ጭራሽ አለመምታት። "ሲግ የሚመታ አይችልም" የሚባለውን ሰምተው ጨርሰው የተዉት አሉ። ቀይ የሆነ ሰው ዶጁን ጨርሶ ከላይ እየወረደ በላይት መነካካት ዕድሜ ማስረዘም ነው። ምቱት።

ሲግ ብቻ የሚመታ ሲገጥማችሁ

ይህ የጥያቄው ሌላው ግማሽ ነው፤ መልሱ ከላይ ያለው ተገልብጦ ነው። ወደ እሱ አትሩጡ። ሲጉ ከሚደርስበት ትንሽ ወጣ ብላችሁ ቁሙ፤ ገባ ብላችሁ ውጡ። ይለቃል። ሲስት ገብታችሁ በላይት ጀምሩ። ዶጃችሁን በከንቱ አታውጡ፤ እሱ የሚጠብቀው ባያውቀውም ያንን ነው። ፒንጋችሁ ከፍ ካለ አይታችሁ ማምለጥ ስለማትችሉ በርቀት ተጫወቱ፤ መሣሪያ ወርውሩበት፣ ሲለቅ ቅጡ።

በስልክ ለምትጫወቱ የመጨረሻ ነገር

የቁልፎቹን ቦታና መጠን በቅንብር ማስተካከል ይቻላል። ሄቪንና ዶጅን አራርቁ፤ አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ በቸኮላችሁ ጊዜ ዶጅ ስትሉ ሲግ ይወጣል። ላይቱን አውራ ጣታችሁ በተፈጥሮ የሚያርፍበት ቦታ አድርጉት፤ ሄቪውን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጂሲ ለማውጣት ግን ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ጣት የሚደረሱ መሆን አለባቸው። ስለዚህ እስክታገኙት ሁለት ሦስት አቀማመጥ ሞክሩ፤ ካገኛችሁት በኋላ አትነካኩት።